ትውልድ የሚቆጥር አገር

በጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ውስጥ፣ የገበሬ አቅም በበሬው ብዛት ብቻ አይታይም ነበር። ስንት አባት መቁጠር እንደሚችልም ይታያል። ከአያቱ ተነሥቶ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን፣ ከዚያም ወዲያ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናውን ሰው ድረስ በእናቱም በአባቱም በኩል ስም እየጠራ የሚወጣ ሰው፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «ድርሻዬ ይለይልኝ» ለማለት አፍ አለው። መቁጠር ያልቻለ ደግሞ ዘመድ ይዞ ይመጣል፤ ዘመድም ካጣ ዝም ይላል።

በ1954 ዓ.ም. ገደማ አለን ሆበን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ወደዚህ አገር መጣ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ የአንትሮፖሎጂ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። የመረጠው ቦታ ከጮቄ ተራራ በስተ ምዕራብ፣ ፈረስ ቤትን ማእከል ያደረገው የገብስ አገር ነው። የዚያን ጊዜ አፍሪካን የሚያጠኑ አንትሮፖሎጂስቶች በእጃቸው የያዙት ትልቁ አርአያ የእንግሊዙ የኢቫንስ ፕሪቻርድ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአባት በኩል ብቻ የሚቆጠር የዘር ሐረግ አንድን ማኅበረሰብ ያለ ንጉሥና ያለ ሹም እንዴት አቅፎ እንደሚይዝ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ወደ አፍሪካ ከሚሄዱት ተማሪዎች ብዙዎቹ የአባት ሐረግ ፍለጋ ይሄዱ ነበር።

ጎጃም ግን ከዚህ ውጭ ሆነ። የጎጃም ገበሬ በአባቱም በእናቱም፣ በአያቱም በአያቱ እናትም ይወርሳል። እንግዲህ ሒሳቡን መሥራት ነው፤ አንድ ሰው አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ሲሄድ የሐረጉ ጫፎች ከሺህ ያልፋሉ። ሁሉም ሰው የሁሉም ዘመድ በሆነበት አገር ዘር ቆጥሮ መሬት መያዝ እንዴት ይቻላል? የሆበን የዶክትሬት ጽሑፍም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው የአማራን የመሬት ይዞታ የሚመለከት መጽሐፉም የተጻፉት ይህንን ጥያቄ ለመመለስ ነው። መልሱን ያስተማሩት የደጋ ዳሞት ባለርስቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነትም ይኸው ነው፤ የጎጃም አንትሮፖሎጂ የመጀመሪያ መምህራን በሸንጎ የሚሟገቱ ገበሬዎች ነበሩ።

ሥርዓቱን በጥቂቱ ማየት ይገባል። አንድ አጥቢያ በጥንት ዘመን አቅንተውታል በሚባሉ ዋና አባቶች ስም የተከፋፈለ ነው። የዋናው አባት ልጆች ምንዝር አባት ይሆናሉ፤ መሬቱም በስማቸው ዳግም ይከፈላል። ክፍፍሉ በዕጣ የሚደረግ ሲሆን አንዱ ለሙን ሌላው ጭንጫውን ይዞ እንዳይቀር ለየአባቱ ከየዓይነቱ መሬት ይደርሰዋል። አንድ ገበሬ እዚህ አንድ ቁራሽ፣ እዚያ ማዶ ሌላ ቁራሽ ይዞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የዋናው አባት ዘር የሆነ ሁሉ፣ በወንድ ይውረድ በሴት፣ ከአባቱ መሬት የመጠየቅ መብት አለው። መብቱ በዘመን ብዛት አይሻርም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለማጽናኛ ያህል አልነበረም፤ በሙግት ላይ የሚጠቀስ ሕግ ነበር። አያቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተሰዶ የቀረ ሰው ተመልሶ መጥቶ ቢጠይቅ፣ ትውልዱን ካስረዳ የሚከለክለው ሥርዓት የለም።

በመሬቱና በዘሩ መካከል የቆመው ሰው ፈጅ ይባላል። የአንድ አባት ልጆች የሚወክሉት፣ የማን ድርሻ የት እንደሆነ የሚያውቅ፣ ሲካፈሉ የሚቆም፣ ሲከሰሱ የሚከራከር እሱ ነው። አዲስ ጠያቂ ሲመጣ የሚሄደው ወደ ፈጁ ነው። ትውልዱን ይቆጥራል፤ ሽማግሌ ይመሰክራል፤ መሬቱን የያዙት ደግሞ «ይህ ሰው ከኛ አባት አይወለድም» ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሽምግልና ያልቃል፣ አለዚያም ከጭቃ ሹም እስከ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም አልፎ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይጓዛል። የጎጃም ሰው ሙግት ይወዳል የሚለው የቆየ ሐሜት መነሻው እዚህ ላይ ይመስላል። ሐሜቱ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ማንም ሰው ማንንም በዘር መጠየቅ በሚችልበት አገር ሙግት የእርሻ አንዱ ክፍል ነው፤ በበጋ ወራት የሚሠራ እርሻ።

የሆበን ትልቁ ግኝት ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ትውልድ መቁጠር ለመጠየቅ ያበቃል እንጂ መሬቱን አያስረክብም። መብት ያለው በብዙ አባቶች ላይ ነው፤ የሚያርሰው ግን ከጥቂቶቹ ላይ ያገኘውን ብቻ ነው። የትኛውን አባት ልጠይቅ፣ መቼ ልጠይቅ፣ ማንን ይዤ ልሂድ የሚለው ምርጫ የብልሃት ጉዳይ ነበር። አንደበቱ የሰላ፣ ልጆቹና አማቾቹ የበዙ፣ ሹመት የቀመሰ፣ ዳኞችን የማይፈራ ሰው ይሳካለታል። ጎጆ የወጣ ጎረምሳ በትንሽ ቁራሽ ይጀምርና እየሸመገለ ሲሄድ ሙግቱ እየሰመረለት ይዞታው ይሰፋል፤ ልጆቹ ሲያገቡ ደግሞ ይቀንሳል። በአንድ ወቅት የድኃ ልጅ የነበረ ሰው በሸንጎ ጥበቡ ትልቅ ባለርስት ሆኖ ሊሞት ይችላል። ሆበን የአማራን ማኅበረሰብ መደቦች በተለየ መንገድ ያየው በዚህ ነው፤ ጌታውና ገበሬው ከአንድ አባት ሊወለዱ፣ በአንድ መሬት ላይ ሊካሰሱ ይችላሉ።

ሴቶች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያላቸው ቦታ ብዙ ጊዜ ከሚገመተው ይበልጣል። ሴት ልጅ ርስት ትወርሳለች፤ ባል የሚስቱን መሬት ያርሳል፤ ልጆቹም በእናታቸው በኩል ሌላ አባት ይጠይቃሉ። ያው ቆጠራ በጋብቻ ጊዜም ይመለሳል። ቤተ ዘመድ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ስለዚህ የትውልድ ዕውቀት በሁለት አቅጣጫ ይሠራል፤ ለመሬት ሲሆን ዝምድናን ፈልጎ ያገኛል፣ ለጋብቻ ሲሆን ዝምድና አለመኖሩን ያረጋግጣል። ይህንን ሁሉ ያለ ጽሑፍ በቃል የሚይዙ አዛውንቶች በየአጥቢያው ነበሩ፤ ለማንም ዝም ብለው አይዘከዝኩም፤ ምክንያቱም የሌላውን ሐረግ መንገር ለሌላው መሬት መስጠት ነው።

ርስት ሁሉን አላቀፈም። ሙስሊሙ ነጋዴና ሸማኔ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ፣ ከባርነት የወጣውም ሰው ከአቅኚ አባት አይቆጠሩም ነበርና ከርስት ውጭ ቆዩ። ቢያርሱም የሰው መሬት በእኩል እያረሱ ነው። የሆበን መጽሐፍ ዓይኑን የጣለው በባለርስቱ ላይ ስለሆነ እነዚህ ሰዎች በዳር ብቻ ይታያሉ። ይህ የመጽሐፉ ጉድለት ነው፤ ከአንድ አባት ተወልደናል የሚለው ኩራት ማንን ደጅ እንዳስቀረ መናገር ግድ ይላል።

ሆበን ጎጃምን የጠየቀ የመጀመሪያው እንግዳ አልነበረም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም ሲቆይ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ የምትገኘውን የጁቤን መቀመጫው አድርጎ ነበር። በአቅራቢያው የነበረው የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ የሚመጣበት፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ትልቅ ገበያ ነበር። ቢክ ከገበያተኞቹ የአገራቸውን መንገድ ይጠይቅ፣ የቋንቋቸውንም ቃላት ይመዘግብ ነበር። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰፈር ውስጥ ለዓመታት ኖረ፤ አማርኛ ለምዶ፣ አብሮ ዘምቶ፣ ራስ ሚካኤል እየተባለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በከፍተኛው ኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ይተርካል። ወንድሙ አንቷን ደግሞ ብራናና ቃላት ሰብሳቢ ነበር፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1881 ታትሟል።

ከእንግዶቹ ሁሉ ይልቅ ግን ሊነሣ የሚገባው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ነው። ከአባይ ማዶ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ጎጃም የመጣ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ያደገ፣ ሠዓሊም ጸሐፊም የሆነ ሰው ነው። የጎጃምን ታሪክ ሲጽፍ የነገሥታትን ውሎ ብቻ አልዘገበም፤ የትኛው ወገን ከማን እንደሚወለድ፣ ማን የት እንደሰፈረ እየጠየቀ የትውልድ ቆጠራውን በወረቀት አስቀመጠ። ሽማግሌዎች በቃል የያዙትን ከሞት ያዳነ ሥራ ነው። አንትሮፖሎጂ የሚባል ትምህርት በአገሩ ሳይኖር፣ በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ያሳደገውን አገር እየተዘዋወረ ማወቁና መጻፉ የሚያስደንቅ ነው። ጽሑፉን ሥርግው ገላው በአማርኛ አዘጋጅቶ አሳትሞታል፤ ግርማ ጌታሁን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ2014 ለንባብ በቅቷል።

ከተክለ ኢየሱስ ሽምግልና ጋር የገጠመ አንድ ሌላ ጉብኝት አለ። በፓሪስ ከማርሴል ኮኸን ዘንድ ግእዝና አማርኛ የተማረው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 ወደ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መጥቶ በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግዛት ተዘዋወረ። ስለዚሁ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው መጽሐፍ በፈረንሳይ ሽልማት አግኝቷል። ግሪዮል ኋላ በማሊ ዶጎኖች ላይ ባደረገው ጥናት በዓለም ታወቀ፤ በሶርቦንም የመጀመሪያው የኢትኖሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። የፈረንሳይ ኢትኖሎጂ ታላቅ ስም የመስክ ሥራውን የተማረው በጎጃምና በበጌምድር መንገዶች ላይ ነው ማለት ይቻላል። የዚሁ ሰው ሌላ ገጽም አይሸሸግም። እሱ የመራው ከዳካር ጅቡቲ የተሻገረው ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ሲደርስ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ ዛሬም እዚያው ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ደግሞ ያው ግሪዮል በዓለም መንግሥታት ማኅበር ለኢትዮጵያ ልዑካን ቆሞ ረድቷል።

በአዲስ አበባ የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ የገባው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ መጽሔት ያወጣ ነበር። ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቀያቸው ሲሄዱ ሰርጉን፣ ልደቱን፣ ቀብሩን ጠይቀው እየመጡ ይጽፉበት ነበር። አስተማሪዎች ሩቅ አገር ሳይልኳቸው የእናታቸውን ቤት እንዲጠይቁ ማድረጋቸው ጥሩ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ተመሠረተ። ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ በማስተርስ ደረጃ ራሱን ችሎ መሰጠት የጀመረው ግን ዘግይቶ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ከዚያ አስቀድሞ መንግሥት ርስትን ባለማወቁ በጎጃም ደም ፈሰሰ።

በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ሲነበብ ክፉ አይመስልም፤ እያንዳንዱ ገበሬ ካመረተው ላይ እንደ ገቢው ይክፈል ይላል። ለጎጃም ገበሬ ግን «እያንዳንዱ» የሚለው ነገር ከሥሩ የተለየ ነበር። ግብሩ እስከዚያ ድረስ በአባት ሲከፈል ኖሯል፤ በዋናው አባት ስም የተጣለው በምንዝር አባቶች ይከፋፈላል፣ እነሱም በልጆቻቸው ያከፋፍሉታል። ግብር መክፈል ራሱ የባለርስትነት ምስክር ነበር። አሁን ገማች ኮሚቴ መጥቶ የየሰውን ማሳ እያየ ሊመዘግብ ነው። ከመመዝገብ ቀጥሎ ቀላድ ጥሎ መሬቱን መለካት፣ ከቀላድም ቀጥሎ እንደ ደቡቡ አገር ርስት ነጥቆ ገበሬውን ጢሰኛ ማድረግ ሊመጣ ነው ብለው ሰጉ። በጣሊያን ዘመን ማግስት በ1930ዎቹ የመሬት ግብርና ልኬታ በመጣ ጊዜም ጎጃም በተመሳሳይ ስጋት ተነሥቶ ነበር፤ ትዝታው ገና አልጠፋም።

ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ተነሡ። ሆበን የትውልድ ቆጠራ የጻፈበት አገር ነፍጥ አንሥቶ ቆመ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ። የገበሬ አመፆችን የመረመረው የታሪክ ምሁር ገብሩ ታረቀ እንደሚያሳየው፣ ከርስት ስጋት ጋር የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት በደልና ጉቦ ተደራርቦ ነበር። በመጨረሻ ወደ ኋላ ያለው መንግሥት ነው። አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ባለርስቱ መንግሥቱን በአደባባይ የረታበት፣ ሊረሳ የማይገባው ድል ነው።

የድሉ ዕድሜ ከሰባት ዓመት አላለፈም። የሆበን መጽሐፍ ከታተመ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። በደቡብ ለጢሰኛው ነጻነት የነበረው አዋጅ በጎጃም ደጋ የተቀበለው ሌላ ዓይነት ስሜት ነው፤ ባለርስቱ መሬቴን ማን ሰጥቶኝ ማን ይነሣኛል አለ። ከርስት ውጭ ለነበሩት ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ግን የመጀመሪያው የራሳቸው ማሳ የመጣው ከዚሁ አዋጅ ነው። ድርሻ ከእንግዲህ የሚገኘው ከአቅኚ አባት በመወለድ ሳይሆን የገበሬ ማኅበር አባል በመሆን ሆነ። ፈጅ ሥራ ፈታ። በሠላሳና በአርባ ዓመት ሙግት የተካኑ ሽማግሌዎች ዕውቀታቸው ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ዋጋ አጣ።

ከዚያ በኋላም መሬቱ አልተረጋጋም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ «ቢሮክራት» የተባሉ፣ በደርግ ዘመን የቀበሌ ሥልጣን የነበራቸው ገበሬዎች መሬታቸው ተቀነሰ። ኖርዌያዊው ስቫይን ኢጌ ይህንኑ ሽግሽግ ወዲያው በዓመቱ ጽፎታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የመሬት ምዝገባ ሲጀመር በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ደብረ ማርቆስን የሚከብበው ጎዛምን ነበር። ገበሬው በ1960 ዓ.ም. የፈራው መዝጋቢ አሁን ደብተር ይዞ መጣ፤ በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል። የዘመኑ ወጣት ጎዛምን ውስጥ ቢጣላ የሚያወጣው ያንን ደብተር ነው።

ሆበን ከመጽሐፉ በኋላም ከኢትዮጵያ ጉዳይ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ አካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ በጻፈው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በምግብ ለሥራ የተሠሩት እርከኖችና የተተከሉት ደኖች ገበሬውን ሳይጠይቁ ከላይ የመጡ በመሆናቸው ብዙዎቹ እንደፈረሱ ተከራክሯል። በደጋ ዳሞት የተማረው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ገበሬውን ባለዕውቀት አድርጎ ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው።

ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂን ያስተምራል። ባሕር ዳር አጠገብ ስላለችው ዘጌ አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ጾም፣ ስለ ድግስና ስለ ክህነት ጥሩ መጽሐፍ አውጥቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በአገሩ ልጅ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለው። ስሙ ተገቢ ነው፤ ሐዲስ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተሙ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ «ተረት ተረት የመሠረት» ብሎ ያሳተመው ከሕዝብ አፍ የሚነገረውን ተረት ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት የአስተዳደር ማኅደሮች ይገኛሉ። አቤቱታ፣ የግብር ደብዳቤ፣ የመሬት ክርክር በውስጣቸው አለ። በ1967 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ፣ አባቱ ሸንጎ ሲሟገት ከኋላው ቆሞ ያዳመጠ ሰው አሁን ሰባ ዓመት ሞልቶታል። አንትሮፖሎጂ የሚማር የደጋ ዳሞት ወይም የጎዛምን ልጅ አንዱን የክርክር ማኅደር ገልብጦ፣ ከሳሽና ተከሳሽ የቆጠሩትን ትውልድ ጽፎ ወደዚያ ሽማግሌ ቢሄድ፣ የትኛው ሐረግ እውነት እንደነበረ፣ የትኛው በምስክር ጉልበት እንደቆመ፣ መሬቱም በመጨረሻ ለማን እንደተፈረደ ሊጠይቀው ይችላል። ሸክላ ሠሪዋ የተቀመጠችበት ቦታ በየትኛው አባት መሬት ላይ እንደነበረና ማን እንዳስቀመጣትም አብሮ መጠየቅ አለበት፤ ያንን በማኅደሩ ውስጥ አያገኘውም።